በነጠላ የተጣራ ዘይት

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10 ሰ.

ዛሬም ዝናብ፣ ዛሬም ባሕር ዛፍ። ከጠዋት ጀምሮ አራት ጋሪ ቅርንጫፍ ገባለት፣ ጅቡ አልጠገበም። ጅቡ የምንለው የእንጨት መፍጫ ማሽናችንን ነው። ይኼን ለአንቺ ለደብተሬ ብዬ ነው እንጂ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቀው የለም። ድምፁ መስጊድ ድረስ ይሰማል።

ሥራው አስቸኳይ ነው። ከሐይቁ ዳር የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ይፈጫል፣ ፍቅፋቂው ተጭኖ ወደ አምባሰል ይወጣል፣ የግሸን መውጫ ጭቃ ላይ ይነጠፋል። መስከረም 21 የማርያም ንግሥ ናት። ሕዝቡ ከአውቶቡስ ወርዶ በእግሩ ነው የሚወጣው፤ ጭቃው ላይ ተንሸራትቶ እጁን እግሩን የሚሰበር በየዓመቱ አይጠፋም። ሐሳቡን ያመጡት ሊቀ መንበራችን ጋሽ ይመር ናቸው፣ ስለት አለባቸው። ማኅበሩ ስምንት ሰው ነው፤ ከጋሽ ይመር በቀር ሁላችንም እስላም። የመንገደኛ ጭቃ ማድረቅ ለእኛም አላህ ዘንድ አጅር አለው ብለን ገባንበት።

ጠዋት የሃይድሮሊክ ዘይቱ ጎድሎ አገኘሁት፣ ጨመርኩ። ዘይቱ በጄሪካን የመጣ ነው። የሱቅ ጄሪካን ደግሞ ትናንት ምን ይዞ እንደነበረ አላህ ነው የሚያውቀው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር። የእናቴን፣ አላህ ይዘንላትና፣ አሮጌ ነጠላ ቀደድኩ፣ እጥፍ አደረግኩ፣ በሱ አጣርቼ ጨመርኩት። ከማል አጠገቤ ቆሞ ያያል። ከማል የእህቴ የዘምዘም ባል ነው፤ ጅቡን የሚያጎርሰውም እሱ ነው። እንዲማር ብዬ ነገርኩት፦ ሳይጣራ የገባ ዘይትና ሳይጠየቅ የገባ አማች ቤት ያፈርሳል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ራሱ ከማል።

ጂዳ ጋራዥ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ መሐንዲስ ይሉኛል። መሐንዲስ አይደለሁም፣ ግን ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ሥራ ስንፈታ ከማል ልጓሙ ዛሬ ትንሽ ዘገየብኝ አለ። እጅህ ነው የዘገየ አልኩት።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ። ከቀኑ 9 ሰ.

ልጓም የምንላት የጅቡ አፍ ላይ የተጋደመችውን ቀይ ብረት ነው። ሁለት ጥርሳም ሮለሮች እንጨቱን ነክሰው ወደ ምላጩ ይስባሉ። አንድ ነገር ከተሳሳተ ቀዩዋን ብረት በእጅህ፣ በደረትህ፣ በቀናህ ትገፋታለህ። ሮለሮቹ ቀጥ ይላሉ። በሰውና በምላጭ መሀል ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ከማል ሰዓት አያስርም። የሚለካው በቢስሚላህ ነው። ፊት «ቢ» ስል ይቆም ነበር ይላል። አሁን «ቢስሚላህ» ብዬ ካልጨረስኩ አይቆምም ይላል። ሳቅሁበት። ከዚያ ሰው ዘወር ሲል ራሴ ሞከርኩት። ልጓሙን ገፋሁ፣ ቢስሚላህ አልኩ። እውነቱን ነው። ጨርሼ ነው የቆመው።

ብርዱ ነው፣ ዘይቱ ወፍሮ ነው አልኩት። ዘይት በብርድ ይወፍራል፣ ውሸት አይደለም። ግን ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሞቆ እንደ ምድጃ ሲግል ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። እንዲያውም ትንሽ ጨመረ።

ለማንም አልተናገርኩም። ነገ አየዋለሁ። ሥራው ተቆልሏል፣ ጋሽ ይመር ቀን እየቆጠሩ ነው።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ። ከቀኑ 8 ሰ.

በችኮላ ነው የምጽፈው። ፊደሌን እለፊው።

ረፋድ 5 ሰ. ገደማ ነው። ከማል ሽርጥ ለብሶ ነው የሚሠራው፣ ሁላችንም እንደዚያው። ሱሪ በክረምት አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፤ ሽርጥ ግን ጨምቀህ መልሰህ ትለብሰዋለህ። መንታ የሆነች ቅርንጫፍ አጎረሰው። መንታዋ የሽርጡን ጫፍ ይዛ ገባች። ከማል ልጓሙን መታው። አየሁት፣ በሁለት እጁ ነው የመታው። ሮለሮቹ አልቆሙም። ይዞራሉ። አንድ ክንድ ጨርቅ ገባ፣ ሁለት ክንድ ገባ። ጉልበቱ የጅቡ ከንፈር ላይ ደርሷል። ያኔ ሽርጡ ከወገቡ ተፈታ፤ ከማል በጀርባው ጭቃ ላይ ወደቀ። በፓንት።

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ይመር አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ አልደብቅሽም። በወዲያኛው በኩል ሰማያዊው ሽርጥ ብጥስጥስ ብሎ ከፍቅፋቂው ጋር ተረጨ። እሱን ሳይ ሳቄን ተውኩ።

ሽርጥ አይታሰርም። ጠቅልለህ ትሰካዋለህ፣ ሲስቡት ይፈታል። ቀበቶ ቢሆን ኖሮ። ይኼን አልጨርሰውም።

ከማል ራሱ ምን ይላል? እጄ ዘገየ ይላል። እነ ጋሽ ይመርም እሱኑ ይዘው ቀሩ። ከዛሬ ጀምሮ ከማል ይሸከም፣ ሌላ ሰው ያጉርስ ተባለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። አልዘገየም እኮ! እኔ አይቻለሁ። ግን ምን እንደሆነ ሳላውቅ አፌን ምን ብዬ ልክፈት። ማሽኑ ይቁም፣ ልፈትሸው አልኩ። ተፈቀደልኝ፣ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

ከትናንት ወዲያ አይቼው ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ። ከቀኑ 11 ሰ.

ከሚቀለው ጀመርኩ። ልጓሙ ሥር ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያ በቴስተር ያዝኳት። ልጓሙ ሲለቀቅ 12 ቮልት፣ ሲገፋ ባዶ፣ በቅጽበት። እሷ ንጹሕ ናት። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር በጣቴ ሄድኩበት። እሱም ንጹሕ።

ቀጥሎ ሶሌኖይድ ቫልቩ። ይኼ ወደ ሮለሮቹ ለሚሄደው ዘይት በረኛ ነው። ውስጡ ጣት የምታክል የብረት ዘንግ አለች፣ ቤቷ ውስጥ ትንሸራተታለች። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ማግኔቱ ይስባታል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሮለር ይዞራል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ስፕሪንጓ ገፍታ ትመልሳታለች፣ በሩ ይዘጋል። ሌላ ተንኮል የለውም።

ሞተሩን አስነሳሁ። የካቻቢቴዬን ጫፍ ማግኔቱ ላይ አስጠጋሁ፣ ሳበው። ልጓሙን ገፋሁ፣ ለቀቀው። ማግኔቱ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። ሮለሮቹ ግን ይዞራሉ። የኤሌክትሪኩን መሰኪያ ጨርሶ ነቀልኩት። ይዞራሉ። መሰኪያው እጄ ላይ ነው፣ ማንም አላዘዛቸውም፣ ይዞራሉ። ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም ብዬ ሁሉንም ጨረስኩ፣ አልቆሙም። ደገምኩ፣ አልቆሙም። በካቻቢቴው እጀታ ቫልቩን ኳ አደረግኩት። ያኔ ቀጥ አሉ።

ስለዚህ ዘንጓ ናት። ቤቷ ውስጥ የያዛት ነገር አለ።

ከማል ከሩቅ ቅርንጫፍ ተሸክሞ ቆሞ ያየኛል። ምን አገኘህ አይልም። የኔ ጥፋት እንደሆነ ንገረኝ የሚል ፊት ነው ያለው።

ነሐሴ 30፣ ጁምዓ። ከቀኑ 9 ሰ.

ጠዋት ፈታሁት። አራት ብሎን ነው። ዘንጓ በጣት ስትገፋ መንሸራተት ነበረባት፣ አልወጣችም። በእንጨት ገፍቼ አወጣኋት።

ነጭ ነገር ተጠምጥሞባታል። እንደ ባዘቶ። በዘይት ርሶ ጠፍጥፎ ዙሪያዋን ይዟታል። መጀመሪያ የጎማ ማኅተም ተቆርጦ ነው ብዬ ነበር። በጥፍሬ ገለጥኩት። መሀሉ ላይ አንዲት ክር አለች። አረንጓዴ።

የእናቴ ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

ቁጭ አልኩ። ጄሪካኑ ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ያው ጄሪካን። ማጣሪያ ብዬ የያዝኩት ጨርቅ ነው ዘይቱን የበከለው። የማሽኑ ፊልትሮ ደግሞ ከቫልቩ በኋላ ነው ያለው፣ ሊያድን አይችልም። ጂዳ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር፦ የሃይድሮሊክ ክዳን ተከፍቶ ጨርቅ ማስጠጋት ክልክል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንብቤዋለሁ። እዚህ ስመጣ ግን እጄ የእናቴ እጅ ሆነ። እኛ ቤት ንጹሕ ማለት በነጠላ ያለፈ ነው፤ ማሩም፣ ቅቤውም፣ ሕፃን የሚጠጣው መድኃኒት ሳይቀር። ከጥንቃቄ ነው ያደረግኩት ወላሂ። ጥንቃቄዬ ነው ከማልን ሊበላው የነበረ።

ክሯን ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኳት። ጁምዓ ሄድኩ፣ የኢማሙን ኹጥባ አልሰማሁም። ከማል አጠገቤ ሰገደ። ስንጨርስ እጄን ይዞ አላህ ይቀበልህ አለኝ። ቀፎው ኪሴ ውስጥ ነበር።

የቫልቩ ቤት ተጭሯል፣ አጥቤ ብመልሰው አይታመንም። አዲስ ያስፈልጋል። ይኼን ለማኅበሩ ተናገርኩ። ክሯን አልተናገርኩም።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ። ጠዋት 4 ሰ.

የቫልቩን ቁጥር ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላክሁ። አለ አሉ። በአውቶቡስ ይመጣል፣ መንገዱ ከተከፈተ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ዝግ።

ዘምዘም መጣች። ስምንት ወሯ ነው፣ በሩን በጎን ነው የምታልፈው። ስለ ከማል ልትነግረኝ ነው የመጣችው። ሳቋ ይቀድማታል፣ መሀል ላይ ግን ድምፅዋ ተሰበረ። ቤታቸው በር ላይ አንድ ዱላ አጋድሞ ሰቅሏል። ጠዋት ማታ እየሄደ ቢስሚላህ ይላል፣ ዱላውን በእጁ ይመታል። እጁን እያፈጠነ ነው። እሷ ስትስቅበት አይስቅም። ልጄ ሳይወለድ እጄን ማስተካከል አለብኝ ይላታል።

ጋሼ አንድ ነገር በለው አለችኝ። እሺ አልኳት። ከሄደች ጀምሮ እጄ ሥራ አልያዘልኝም። እሺ ያልኩት ምኑን ነው?

ጨርቁ የእኔ ነው ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ሦስት። ቆጥሬዋለሁ። አፌ ላይ ሲደርሱ መሐንዲስ የሚሉት ቃል ይመልሳቸዋል።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ። ከቀኑ 10 ሰ.

ሰው ጅን ነው ማለት ጀምሯል። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ይዞር ነበር የሚለውን አንዱ ሰምቶ ነው፤ እኔው ነኝ የተናገርኩት፣ ሞኙ። ወዳጃ ይደረግ፣ ሸሁ ተጠርተው በጋራ ዱዓ ይያዝ ተባለ። ጋሽ ይመርም ዱዓ ከማን ቢመጣ አይመለስም ብለው እሺ አሉ፣ ራሳቸው መጥተው ዳር ተቀመጡ።

ሸሁ ጫቱን ይዘው መረቁ። ለማሽኑ፣ ለመንገደኛው፣ ለማርያም መንገድ፣ ለከማል እጅ። ለእጁ! ከማልን መሀል አስቀምጠው እጆቹን አስዘርግተው መዳፉ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉበት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ አሚን ይላል። ከዚያ ሸሁ ቀና አሉ። በዚህ ጉዳይ በልቡ ነገር የያዘ ሰው ካለ ያውጣው፣ ዱዓው እንዳይታገድ አሉ። ልማዳቸው ነው፣ ሁልጊዜ ይሉታል። የሐይቁ ወፎች ብቻ ይሰማሉ።

አሚን አልኩ። ሰው ሁሉ ተከተለኝ፣ አሚን። የኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

አላህ አውፍ ይበለኝ። የጻፍኩት እንዳይረሳኝ ነው።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11 ሰ.

መጣ! ጠዋት ደሴ ሄጄ ተቀበልኩት። መለያው ላይ 12 ቮልት፣ ቁጥሩ ልክ፣ ቀስቱ ልክ። ሦስት ጊዜ አየሁት።

ሥራውን ብቻዬን ሠራሁት፣ ሰው እንዳይጠጋኝ አደረግኩ። አሮጌውን ዘይት በሙሉ አፈሰስኩ። ታንከሩን በናፍጣ አጠብኩት። በጨርቅ አልነካሁትም፣ በጭራሽ። ዘምዘምን ጠንከር ያለ ሊጥ አቡኪልኝ ብያት ነበር። ሊጡን ታንከሩ ውስጥ እየጫንኩ ስመልሰው ባዘቶው ተለጥፎበት ይወጣል። ጂዳ አንድ ፓኪስታናዊ ነው ያስተማረኝ። ሊጡ ለምን ነው ስትል ለአይጥ ነው አልኳት። ከእህቴ ጋር ሊጥ ላይ ስዋሽ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ፊልትሮው አዲስ፣ የጎማ ቀለበቶቹ አዲስ። ቫልቩን አስቀመጥኩ፣ አራቱን ብሎን ማዶ ለማዶ እያፈራረቅኩ አጠበቅኩ። አዲሱን ዘይት ካልተከፈተ ጣሳ በቀጥታ። የቀረውን ነጠላ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። እናቴ ይቅር ትበለኝ።

ሞተር ተነሣ። ልጓሙን ገፋሁ። «ቢ» ሳልል ቆመ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ።

ጋሽ ይመር ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ዕድሜው አልቆ ነው አልኩ። ከማል የዘገየው እጁ አይደለም፣ ቫልቩ አርጅቶ ነው አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከማል ትከሻዬን ሳመኝ። ነገውኑ ወደ ቦታው ይመለስ ተባለ።

አየሽ፣ ስሙ ነጻ ወጣ። ማሽኑ ዳነ። ታንከሩ ታጠበ። ጨርቁ ተቃጠለ። ታዲያ አሁን ተናግሬ ማንን እጠቅማለሁ?

መስከረም 1፣ ሐሙስ። ከቀኑ 7 ሰ.

ጋሽ ይመር ቤት እንኳን አደረሰዎ ልል ሄድኩ። በደስታ ነው የተቀበሉኝ። ፍቅፋቂ ከዚህ ማመላለስ አልሆነም፣ ማሽኑ ራሱ አምባሰል ይውጣ፣ እዚያም ባሕር ዛፍ ሞልቷል፣ እዚያው ይፈጭና እዚያው ይነጠፍ አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። አንተም ትመጣለህ አይደል አሉኝ። የዱቄት ወፍጮው ተበላሽቶ ሰዎች ይጠብቁኛል አልኩ። እውነት ነው ተበላሽቷል። ግን ሰበብ ነው። ከማል በሰላምታ ትከሻዬን በሳመ ቁጥር የቆምኩበት መሬት ይጠበኛል።

ለእሱ የጂዳ ቱታዬን ሰጠሁት። ወፍራም ነው፣ አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ ቁልፉ እስከ አንገት ይዘጋል፣ እጅጌው አንጓ ላይ ይጠብቃል። ከእንግዲህ ሽርጥ የሚባል ነገር ማሽን አጠገብ አላይም አልኩት። ለብሶ ተንጎራደደ፣ ዘምዘም እልል አለች። በፓንት የወደቀው ተረስቶ አሁን ኢንጂነር ከማል ሆኗል።

መስከረም 5፣ ሰኞ። ጠዋት 3 ሰ.

ሄዱ። ጅቡን አይሱዙ ኋላ አስረው፣ ከማል ቱታውን ለብሶ ላዩ ላይ ተቀምጦ። እጁን አውለበለበልኝ።

እኔ ወፍጮ ቤት ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። ኩሽኔታውን እየቀየርኩ አእምሮዬ ሌላ ቦታ ነው። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም እኮ። አዲስ ቫልቭ ነው፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው። በእጄ ነው የሠራሁት።

ታዲያ ምን ያስፈራኛል?

መስከረም 9፣ ጁምዓ። ከቀኑ 9 ሰ. ተኩል

ከማል ደወለ። አፋፍ ላይ ወጥቶ ነው፣ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ነፋሱ ይሰማል። ደስ ብሎታል። የመንገዱ ግማሽ ተነጥፏል፣ የቤ/ክ ሰዎች ዳቦና ጠላ አምጥተው ጠላውን አንጠጣም ቢሏቸው ለእነሱ ብለው ጠበል አመጡ፣ ሳቁበት። የዘምዘምን ጤና ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ከዚያ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ የአንዱ ቱቦ መጋጠሚያ ላልቶ ዘይት ፈሶባቸው እንደነበር፣ ማጥበቁን፣ ትናንት ከውጫሌ በጄሪካን ዘይት አስመጥቶ መሙላቱን ነገረኝ።

እንዴት ሞላኸው አልኩት።

«አታስብ ጋሼ፣ እንዳስተማርከኝ ነው። ሳይጣራ የገባ ዘይትና ሳይጠየቅ የገባ አማች ቤት ያፈርሳል ብለኸኝ የለ? አዲስ ነጠላ ነው የገዛሁለት። አራት እጥፍ አድርጌ ነው ያጣራሁት።»

ከማል ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ብቻ። ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላውቅም። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም። የጋሽ ይመርም ያው። ማሽኑን አቁሙ ብዬ መልእክት ላክሁ፣ አልደረሰም ይላል። ዛሬ የሚሄድ መኪና የለም።

ዘምዘም ድምፄን ሰምታ መጣች። ለእሷ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከነጠላው እስከ ሊጡ። ቀፎውን ከፍቼ ክሯን አሳየኋት። የእናታችንን ጥለት ከኔ በላይ ታውቀዋለች፤ በጣቷ ነካችው።

«ዱላውን ሲመታ ነግሬህ ነበር» አለች። «እሺ ብለኸኝ ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ። ጠዋት 12፡40

መናኸሪያ ነኝ። መኪናው ውስጥ። ሁለት ሰው ይጎድላል ይላል ረዳቱ፣ ካልሞላ አይነሣም። ለመንኩት፣ ሹፌሩን ለመንኩት፣ ሻይ ይጠጣል። እቃዬን ይዣለሁ፦ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ አንድ ጣሳ ዘይት። ዘምዘም ጠዋት ራሷ ያቦካችውን ሊጥ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃለች።

ውሳኔዬን እዚህ ልጻፍ፣ ወደ ኋላ እንዳልል። ስምንታችንም ባለንበት፣ ጋሽ ይመር ፊት፣ ከማል ፊት፣ ክሯን አውጥቼ እናገራለሁ። ጨርቁ የኔ ነበር፣ አሚን ያልኩት በውሸት ነበር፣ ቫልቩ አላረጀም ነበር እላለሁ። መሐንዲስ የሚለውን ስም እዚያው ጭቃ ላይ ጥዬው እመለሳለሁ። ብቻ ልድረስ። ያረቢ ብቻ አድርሰኝ።

12፡50። ስልኬ ጮኸ። የከማል መልእክት ነው። የተላከው ትናንት ከቀኑ 11 ሰ. ነው፣ የገባው አሁን።

«ጋሼ ጅቡ ደህና ነው። ዛሬ ትንሽ ዘገየ፣ እስከ ረሕማን አስቆጠረኝ። ብርዱ ይመስለኛል፣ ዘይቱ ወፍሮ። ነገ 1 ሰዓት እንጀምራለን።»

ብርዱ። የኔው ቃል ነው። ደወልኩ። ማግኘት አይችሉም።

አንዲት ሴትዮ ገባች፣ አንድ ሰው ቀረ። ወረድኩ፣ የረዳቱን ክንድ ያዝኩ፣ የምለውን አላውቅም፣ ፊቴን አይቶ ሹፌሩን ጠራው። ሞተር ተነሣ። መንገዱ ቢቀና እንኳ ረፋድ ነው የምደርሰው። 1 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ነው።

ቱታው ቁልፉ እስከ አንገት ነው። እጅጌው አንጓ ላይ ይጠብቃል። እንደ ሽርጥ አይፈታም።

ተንቀሳቀስን። ቢስሚላሂ